ከሜዳ ወደ ሜዳ ዳር

ለቡ ላይ «መብራት ኃይል» ሲባል አንዱ ሰፈሩን፣ ሌላው መሥሪያ ቤቱን፣ ዕድሜው የገፋው ደግሞ የኳስ ቡድኑን ያስባል። በአንድ ስም ሦስት ነገር! ይህ እንዲያው የመጣ አይደለም። የአገራችን እግር ኳስ አንዱ ትልቅ መጠጊያው መሥሪያ ቤትና ፋብሪካ ነበር፤ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበርም እንዲሁ። ተጫዋቹ እንጀራ የሚበላው በሠራተኝነቱ እንጂ በግብ አግቢነቱ አልነበረም። ታዲያ ኳስ ደመወዝ በማይከፍልበት ዘመን የኳስ ባለሙያ ከየት ተገኘ? አሠልጣኙንስ ማን አሠለጠነው?

መልሱን በአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ሕይወት ውስጥ እንፈልገው። መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን አገር ድረስ ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ዝነኛ ገጣሚና ዘፋኝ። ልጅየው ግን ልባቸው ኳስ ላይ ወደቀ። በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ በተመሠረተው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን አጥቂ ሆነው ስም አወጡ።

ዘመኑን እናስታውስ። ፋሺስት አዲስ አበባን ሲይዝ አገሬውንና ነጩን በመኖሪያ ብቻ ሳይሆን በጨዋታም ለየ። ከነፃነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. በተደረገው ውድድር የተሰለፉት አምስት ቡድኖች ነበሩ፤ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን፣ አምስተኛው ቅዱስ ጊዮርጊስ። አገሬው በገዛ ከተማው አንድ ቡድን ብቻ ነበረው ማለት ነው! እዚያ ማልያ ለብሶ መጫወት ግብ ከማግባት በላይ ነበር። ይህ ነው የአቶ ይድነቃቸው ትምህርት ቤት።

ወደ ብሔራዊ ቡድኑ እንለፍ። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችን። በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ያው ግብፅ፣ ያው 4 ለ 0። ስምንት ገብቶብን አንድም አላገባንም። በ1954 ዓ.ም. ውድድሩ አዲስ አበባ ሲመጣ አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። መጀመሪያ ቱኒዚያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ጥር 13 ቀን በፍጻሜው ፊታችን የቆመችው፣ ማን ትሆናለች፣ ግብፅ!

ግብፅ ቀደመች። ቡድናችን መለሰ፤ ወዲያው ሌላ ገባብን። መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ አከሉ፤ 4 ለ 2። ሁለት ጊዜ ተመርቶ ሁለት ጊዜ የሚነሣ ቡድን እግሩ ብቻ ሳይሆን ልቡም ሠልጥኗል እንላለን።

አቶ ይድነቃቸው በዚህ አላበቁም። ካርቱም ላይ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የነበሩበትን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሬዚዳንትነት መሩ። በቀለም ተለይቶ መጫወት ምን እንደሆነ በወጣትነታቸው ያዩት ሰው፣ የደቡብ አፍሪካን አፓርታይድ ከዓለም ኳስ ለማስወጣት ከታገሉት ግንባር ቀደሙ ሆኑ። ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሥልጣኑ በእጃቸው ነበር።

መንገዱን የተከተሉም ነበሩ። ሉቺያኖ ከአምበልነት ወደ ብሔራዊ ቡድን አሠልጣኝነት ተሻገረ፤ በደርግ ዘመን ግን አገር ጥሎ ተሰደደ፤ በ2015 ዓ.ም. ሮም ላይ አረፈ። መንግሥቱም አሠልጣኝ ሆኖ በ1974 ዓ.ም. ቡድኑን ለሊቢያው የአፍሪካ ዋንጫ አበቃ። ከዚያስ? ከዚያማ እስከ 2005 ዓ.ም. ድረስ 31 ዓመት ሙሉ በር ላይ ቀረን።

ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም ድህነቱም አለ። በእኛ ግምት ግን አንዱ ይህ ነው፦ የእነዚያ ሰዎች ሙያ በራሳቸው ውስጥ ነበር። አንዱ ሲሰደድ፣ ሌላው ሲሞት፣ ዕውቀቱም አብሮ ሄደ። ዋንጫው በፎቶግራፍ ቀረልን፤ ልምምዱ እንዴት ነበር፣ በእረፍት ሰዓት ምን ተባለ የሚለው ግን በቃል ወሬ ነው ያለው። ለቡ ይሁን ሌላ ሰፈር፣ ድሮ ለመሥሪያ ቤታቸው የተጫወቱ አባት ካሉ ደብተር ይዘን እንሂድ። ስንት አገባህ ብለን ሳይሆን፣ ማን አስተማረህ ብለን እንጠይቅ።