ስሙ የቀረበት ዘፈን፦ ከሸክላ እስከ ፍላሽ በኩየራ መንገድ

የሰርግ ዲጄ ሥራ የሚያልቀው ከሰርጉ በፊት ነው። ሞንታርቦ የሚባለውን ትልቅ ድምፅ ማጉያ መሸከሙ፣ ገመድ መዘርጋቱ፣ ጄኔሬተር ማስነሳቱ የዕለቱ ጉልበት ነው፤ እሱን ረዳትም ይሠራዋል። ዋናው ሥራ ሳምንቱን ሙሉ ላፕቶፕ ላይ ተጎንብሶ፣ ዘፈን መርጦ፣ ስም አስተካክሎ፣ ተራ አስይዞ ሁለት ፍላሽ ላይ መጫን ነው። ሁለት የሚሆነው አንዱ እምቢ ሲል ሌላው እንዲተካው ነው። እኔ ወደዚህ ሙያ የገባሁት በካሴት ዘመን፣ ሻሸመኔ አንድ ሙዚቃ ቤት ውስጥ በልጅነቴ ተቀጥሬ ነው። ስለዚህ ፍላሹን ባየሁ ቁጥር ከበስተጀርባው ያለው ረጅም መንገድ ይታየኛል።

ዛሬ የምሠራባትን ኩየራን የማያውቅ ሰው ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ ሲሄድ በመስኮት ብቻ አይቷት ያልፍ ይሆናል። አድቬንቲስቶች በ1940 ዓ.ም. ገደማ ትምህርት ቤት ያቆሙባት፣ ኋላም በኮሌጇና በሆስፒታሏ ስሟ የወጣ ትንሽ ከተማ ናት። በትምህርትና በሕክምና ሰበብ ከወለጋም፣ ከወላይታም፣ ከሐዲያም፣ ከሲዳማም ሰው ይመጣባታል። ሰርጓም እንደ ሰዉ ነው። አድቬንቲስት ቤተሰብ ቅዳሜን ያከብራል፤ ድግሱ ብዙውን ጊዜ እሁድ ነው፤ ዘፈን ሳይሆን መዝሙር ይፈልጋል። ኦርቶዶክሱ ከጥምቀት በኋላና ከፋሲካ በኋላ ይድራል፤ በሁዳዴ ዝም ይላል። ሙስሊሙ ረመዳንን አሳልፎ ነው፤ አንዳንዱ ቤት መንዙማ ይበቃዋል፣ ሌላው የአርሲ ኦሮሞ ጭፈራ ካልተሰማ ሰርግ ያለ አይመስለውም። የኔ ፍላሽ ፎልደሮች የተከፋፈሉት በዚህ የቀን መቁጠሪያ እንጂ በዘፈን ዓይነት አይደለም።

የዘፈን ክምችት ታሪካችን የሚጀምረው ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሸክላ ላይ ድምፁን ካስቀረጸበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ሸክላ የጥቂቶች ነበር። በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቲያትር ብቻ ተሰጠ። ይህን አጥር በ1961 ዓ.ም. የደፈረው ወጣቱ ነጋዴ አምሃ እሸቴ ነው፤ የመጀመሪያው ሸክላው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። አሊ ታንጎ እየተባለ የሚጠራው አሊ አብደላ ካይፋም በራሱ ስም ሸክላ ያሳትም ጀመር። ሸክላ አንድ ትልቅ ጸጋ ነበረው፦ ዘፋኙ፣ የዘፈኑ ርዕስና አሳታሚው መሃሉ ላይ በተለጠፈችው ክብ ወረቀት ታትመዋል። ስሙን ከዘፈኑ ለመለየት ሸክላውን መስበር ያስፈልጋል።

ከአብዮቱ በኋላ ካሴት ሸክላውን ተካው። አምሃ አገር ለቆ ወጣ፤ አሊ ታንጎ ግን ወደ ካሴት ዞረ። ካሴት ርካሽ ነበር፣ በባትሪ ይሠራ ነበር፣ ከሁሉ በላይ ግን ይገለበጥ ነበር። ይህ መገልበጥ ለኛ መንገድ ሰው በረከት ነበር። ሸክላ ያላየ የገጠር ሰው አሊ ቢራን የሰማው በተገለባበጠ ካሴት ነው። አሊ ቢራ ከድሬዳዋው አፍረን ቀሎ ቡድን የወጣ፣ ሕይወቱም እዚሁ ስምጥ ሸለቆ፣ አዳማ ላይ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ያለፈ ታላቅ ሰው ነው። ሬጌም የተዛመተው እንዲሁ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሻሸመኔ ዳርቻ በሰጡት አምስት ጋሻ መሬት ላይ ከካሪቢያን የመጡት ራስታዎች ሲሰፍሩ ሙዚቃቸው አብሯቸው መጣ። ዛሬም የኩየራ ሙሽራ ከጨፈረ በኋላ ሚዜዎቹ ቦብ ማርሌን ይጠይቃሉ።

ሙዚቃ ቤት ውስጥ የተማርኩት ሙያ ምርጫ ነው። ደንበኛው የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች በብጣሽ ወረቀት ጽፎ፣ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል። የስልሳ ደቂቃ ካሴት በአንድ ገጽ የሚይዘው ሠላሳ ደቂቃ ነው። የመጨረሻው ዘፈን መሃል ላይ እንዳይቆረጥ እያንዳንዱን በሰዓት ለክተህ ትደረድራለህ፤ ፈጣኑን ከዝግተኛው ታፈራርቃለህ። የሰርግ ዲጄ ዛሬ የሚሠራው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ስም መጥፋት የጀመረውም እዚሁ ነው። ዋናው ካሴት ሽፋኑ ላይ ግጥም የማን፣ ዜማ የማን፣ ቅንብር የማን እንደሆነ ይነግርሃል። የተቀዳው ላይ «የጥላሁን ምርጥ» ብለን በእስክርቢቶ እንጽፋለን፤ ገጣሚውና ዜማ ደራሲው ሱቁ ውስጥ ይቀራሉ።

ከዚያ ሲዲው፣ ኮምፒውተሩና ኤምፒስሪው ተከታትለው መጡ፤ በአንድ ሲዲ ከመቶ በላይ ዘፈን መያዝ ተቻለ። ፍላሽ በዓለም ገበያ የወጣው በ1993 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ወደኛ ሰፈር ደርሶ እስኪረክስ ግን ዓመታት ወሰደ። ሙዚቃ ቤቱ ካሴቱን ከመደርደሪያ አውርዶ አንድ ኮምፒውተር አስቀመጠ። ባለባጃጁ ፍላሹን፣ ተማሪው ከስልኩ ያወጣትን ሚሞሪ ያመጣና «ጫንልኝ» ይላል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ይህ ያለባለመብቱ ፈቃድ የሚደረግ ቅጂ ነው፤ ንግዱ ግን በየከተማው በአደባባይ ሲሠራበት ኖረ። የዘፈኑና የባለቤቱ ስምም ያኔ ጨርሶ ጠፋ። ከሲዲ ሲገለበጥ «ትራክ 07» ብቻ የሚል ፋይል ይወጣል፤ እሱው ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየተሻገረ አሥር ከተማ ያዳርሳል። ፎልደሩን ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት የሚለውጠው ቫይረስም የብዙ ሰው ክምችት አስጠፍቷል።

ዛሬ ለሰርግ ፍላሽ ሳዘጋጅ ከሁሉ በፊት የማየው ጥራት ነው። በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ዘፈን በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ለስልክ ይበቃል፣ በሞንታርቦ ሲለቀቅ ግን እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል። በ320 የተጨመቀው ከእጥፍ በላይ ቦታ ቢወስድም እሱ ይመረጣል። ቀጥሎ ፍላሹን ፋት 32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት አደርገዋለሁ፤ ሌላውን ዓይነት ብዙ ማጫወቻ አያነብም። ርካሽ ሚክሰሮች ዘፈን የሚያጫውቱት በፊደል ቅደም ተከተል ሳይሆን ወደ ፍላሹ በገባበት ተራ ስለሆነ፣ በምፈልገው ተራ አንድ በአንድ እጭናለሁ።

ትልልቅ ሆቴሎች የፓዮኒር ማጫወቻ ካላቸው፣ በ2002 ዓ.ም. አካባቢ የወጣው ሬኮርድቦክስ የሚባል ፕሮግራም ዘፈኑን አስቀድሞ መርምሮ የምቱን ፍጥነት ይጽፍልሃል። የኛ ዘፈን ግን ያስቸግረዋል። ችክችካ የሚባለውን ምት አንዴ በግማሽ፣ አንዴ በእጥፍ ይቆጥረዋል። የድሮ ባንዶች ደግሞ በኮምፒውተር ምት አልተቀረጹም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ሲሟሟቁ እየፈጠኑ ይሄዳሉ። ፕሮግራሙ ያሰመረው መስመር ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ከከበሮው ይለያል። ስለዚህ የእነ ዋልያስ ባንድን ዘመን ዘፈን በጆሮ ነው የማገናኘው።

የስም ጉዳይ ግን በማሽኑ ብሷል። ብዙ ማጫወቻ የግዕዝ ፊደል ስለማያሳይ ስሙን በላቲን ለመጻፍ ተገደድን። የዘፋኙን የጥላሁንን ስም አንዱ በቲ አይ፣ ሌላው በቲ ኢ፣ ሦስተኛው ያለ አናባቢ ይጽፈዋል። አንድ ዘፈን በሦስት ስም ፍላሹ ላይ ይተኛል፤ አባት ልጃቸውን ሊድሩ ቆመው «ያችን የጥላሁንን» ሲሉ ግን አንዱም አይገኝም።

በአንጻሩ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ የጀመረውን «ኢትዮፒክስ» የተባለ የሲዲ ተከታታይ ተመልከቱ። አምሃና ካይፋ ያሳተሟቸውን ሸክላዎች ሰብስቦ የዘፋኙን ስምና ዓመቱን ከነታሪኩ በትንሽ መጽሐፍ አያይዞ አወጣቸው። ከዚያ የተገለበጠ ፋይል ዛሬም ስሙን ይዞ ይገኛል። ያ ጥንቃቄ ባለሙያ ማኅበር አልጠየቀም፤ ስም የሚጽፍ ሰው ብቻ ነው የጠየቀው። በ2011 ዓ.ም. የኛው ሙዚቀኞች ሥራ ያስጀመሩት አውታር የተባለው የስልክ መተግበሪያም ለባለመብቱ ክፍያ ማድረስ ይችል የነበረው ባለመብቱ ከታወቀ ነበር።

የካሴት ንግዱ ቀርቷል። ከኤፍኤም ጣቢያ ርቆ በትንሽ ከተማ የተከማቸው የሰርግ፣ የመዝሙር፣ የመንዙማና የሰፈር ዘፈን ዛሬ ያለው በዲጄዎችና በሙዚቃ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ሳናስበው የመዝገብ ቤት ጠባቂ ሆነናል። ስለዚህ ለሙያ ጓደኞቼ የምለው ይህ ነው፦ ፋይሉ ውስጥ ዘፋኙን፣ ርዕሱን፣ ግጥምና ዜማ ደራሲውን፣ ዓመቱን አስገቡ፤ ላቲኑን አንድ ዓይነት አድርጉ፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ደግሞ በራሳችን ፊደል ጻፉት። የማታውቁትን ዘፋኙ በሕይወት ሳለ፣ ያም ባይሆን አሮጌ ካሴት ያስቀመጠ ሽማግሌ ሳያልፍ ጠይቁ። ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትችሉትም፤ ከሚመጣው ሰርግ በፊት አሥር ዘፈን ከነሙሉ ስማቸው መዝግቡ፣ ከቀጣዩም በፊት አሥር ጨምሩ።