ላቡ የተከራዩ፣ መሬቱ የጌታው

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ገበሬ ሁለት በዓላት በመጡ ቁጥር ይጨነቅ ነበር። አንዱ ማርች 25 የሚውለው የብስራት በዓል ነው፤ ሌላው ሴፕቴምበር 29 የሚውለው የቅዱስ ሚካኤል። የመሬት ኪራይ የሚከፈለው በእነዚህ ቀናት ነበር። የባለርስቱ ወኪል መዝገቡን ዘርግቶ ይቀመጣል፣ ተከራዮቹ ተራ በተራ ይከፍላሉ። ከዚያ በጌታው ወጪ ምሳ ይበላል፣ ለጌታው ጤና ጽዋ ይነሳል። በልቶ ጠጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ገበሬ ግን ብዙውን ጊዜ የረጅም ዘመን ውል አልነበረውም። ውሉ ከዓመት ዓመት የሚታደስ ነው። ጌታው ካልፈለገው የስድስት ወር ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል።

ይህ ሰው የኢትዮጵያ አንባቢ ከሚያውቀው ጭሰኛ ይለያል። ጭሰኛው ከምርቱ ያካፍላል፤ እሱ የሚከፍለው በጥሬ ገንዘብ ነው። ፈረሱ፣ ማረሻው፣ ዘሩና ከብቱ የራሱ ናቸው። 300 ኤከር፣ ማለትም በድሮው ልኬት ሦስት ጋሻ ያህል የተከራየ ሰው በመንደሩ ትልቅ ሰው ነው፤ ቀን ሠራተኞች ይቀጥራል፣ በቤተ ክርስቲያን የተከበረ ቦታ አለው። ከሩቅ ለሚያየው ጌታ ይመስላል።

ችግሩ የሚታየው መሬቱን ላሻሽል ሲል ነው። እርጥብ የሸክላ አፈር ውኃው ካልተንጠፈጠፈ ስንዴ አያበቅልም፤ ስለዚህ ቦይ ተቆፍሮ የሸክላ ቱቦ ይቀበራል። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ከፔሩ በመርከብ የሚመጣ የወፍ ኩስ ለማዳበሪያ ይገዛ ነበር። ይህ ሁሉ ወጪ ፍሬ የሚሰጠው በዓመታት ውስጥ ነው። ገበሬው ፍሬውን ሳያይ ቢባረር ቱቦውም የለማው አፈርም ለጌታው ይቀራል። ይባስ ብሎ መሬቱ ስላማረበት ኪራዩ ሊጨመርበት ይችላል። እንደ ሊንከንሽር ባሉ ጥቂት አካባቢዎች ለቃቂው ገበሬ ላለማው ካሳ የሚያገኝበት ልማድ ነበር። በሌላው አገር ግን ጎበዝ ገበሬ በጉብዝናው ይቀጣ ነበር ማለት ይቻላል።

ጌታው የሚያዘው በመሬቱ ላይ ብቻ አልነበረም። በ1832 የወጣው የምርጫ ሕግ በዓመት 50 ፓውንድና ከዚያ በላይ ኪራይ ለሚከፍል ተከራይ የመምረጥ መብት ሰጠ። ድምፅ የሚሰጠው ግን በአደባባይ ነበር፤ ማን ለማን እንደመረጠ በመዝገብ ይሰፍራል። ኪራይ ተቀባዩ እያየ ከእሱ እጩ ውጪ የሚመርጥ ስንቱ ነው? ሚስጥራዊ ድምፅ የመጣው በ1872 ነው። ጥንቸሏም ሳትቀር የጌታው ነበረች። አደን በውሉ ለባለርስቱ ስለሚከለል፣ ገበሬው ሰብሉን የምትበላውን ጥንቸል በገዛ ማሳው ላይ መግደል አይችልም። ይህ የተሻረው በ1880 ነው።

ሆኖም ተከራዩን ተበዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ታሪኩን ያጎድላል። ከሥሩ ከእሱ የባሰ ድሃ ነበረ፤ ቀን ሠራተኛው። ኪራይና አሥራት ከላይ ሲጫኑት ተከራዩ የሚቀንሰው ከሠራተኛው ደመወዝ ነው። በ1830 ሠራተኞች የመውቂያ ማሽኖችን የሰበሩት፣ የእህል ክምር ያቃጠሉት በዚህ ገበሬ ግቢ ነበር። በ1833 በዶርሴት አውራጃ፣ በቶልፑድል መንደር፣ ሳምንታዊ ደመወዛቸው ወደ 7 ሺሊንግ የወረደባቸው ሠራተኞች ማኅበር ፈጠሩ። ስድስቱ በሚስጥር ቃለ መሐላ ፈጽማችኋል ተብለው የሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደባቸውና ወደ አውስትራሊያ ተላኩ። ከሕዝብ ተቃውሞ በኋላ ነው ምሕረት ያገኙት።

የኃይል ሚዛኑን የለወጠው የእህል ዋጋ ነው። በ1815 የወጣው ሕግ የአገር ውስጥ ስንዴ በኳርተር፣ ከሁለት ኩንታል ጥቂት በሚበልጥ ልኬት፣ 80 ሺሊንግ እስኪደርስ የውጭ ስንዴ ለገበያ እንዳይቀርብ ከልክሎ ነበር። ሕጉ በ1846 ተሻረ። በ1870ዎቹ የአሜሪካ ባቡርና የእንፋሎት መርከብ ርካሽ ስንዴ ማጉረፍ ጀመሩ። በ1879 ዝናቡ አላባራ ብሎ አዝመራው ተበላሸ፣ በጎች በጉበት በሽታ አለቁ። በ1877 ከ56 ሺሊንግ በላይ የነበረው ዋጋ በ1894 ወደ 23 ሺሊንግ ገደማ ወረደ። ብዙ ገበሬዎች ከሰሩ፣ እርሻቸውን ጥለው ሄዱ።

ያን ጊዜ ጌታው ለማኝ ሆነ። ኪራይ ተቀነሰ። በኤሴክስ ባዶ የቀሩ እርሻዎችን የወተት ላሞቻቸውን ይዘው የመጡ የስኮትላንድ ገበሬዎች ያዙ። የካሳ ሕጉም ጥርስ ያወጣው በዚሁ ዘመን ነው። በ1875 የወጣው ሕግ ለለቃቂው ተከራይ ካሳ ፈቅዶ ነበር፤ ነገር ግን ባለርስቱ በውል ሊያስቀረው ስለሚችል ብዙዎች አስቀሩት። በ1883 ካሳው ግዴታ ሆነ።

እንግዲህ ያ ገበሬ ለቀበረው ቱቦ ዋጋ የማግኘት መብቱ እስኪረጋገጥ ክፍለ ዘመኑ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ተከራይ እንደ ልብ በሚገኝበት ዘመን ጩኸቱን የሰማ አልነበረም፤ የተሰማው መሬቱ አራሽ ሲያጣ ነው። በጌታው ግብዣ ላይ ስንት ዓመት ጽዋ ቢያነሳ፣ ያስከበረው ጌታው ያለ እሱ መሬቱ ጦም እንደሚያድር ያየበት ቀን ነው።