አሥራ ሁለት ፍላጻ

ባለፈው ሰሞን አንድ ስልክ ተደወለልን፡፡ የደወሉት ከመካከላችን የአንዱ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቨርጂኒያ ከከተሙ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል፡፡ እኛ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፡፡ «እናንተ ማንበብ ትወዳላችሁ አሉ፤ አጋዘን የማድንበት ክሮስቦው ልገዛ ነው፡፡ ሪከርቩ ይሻለኛል ኮምፓውንዱ?» አሉን፡፡

ሳቅን፡፡ አዲስ አበባ ተቀምጦ ስለ ቀስት የሚጠየቅ ሰው ምን ይመልሳል? ከመካከላችን ቀስት በእጁ ነክቶ የሚያውቅ የለም፤ በቅርብ የምናውቀው ቀስት ቢኖር ቀስተ ደመና ነው፡፡ ግን ጋሼን «አናውቅም» ማለት ነውር መስሎ ስለታየን መጻሕፍት ገለጥን፡፡ ያገኘነውን እነሆ፡፡ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፡፡

ክሮስቦው ማለት ሰደፍ ላይ በአግድም የተጋደመ ባለ ቃታ ቀስት ነው፡፡ ተራውን ቀስት ወጥሮ ይዞ ማነጣጠር የዓመታት ልምምድ ይጠይቃል፡፡ ይሄኛው ግን አንዴ ከወጠሩት ራሱ ይዞ ይቆያል፤ የቀረው አነጣጥሮ ቃታ መሳብ ነው፡፡ ሪከርቭ የሚባለው የክንዶቹ ጫፍ ወደ ፊት የተቀለበሰው ጥንታዊው ቅርጽ ሲሆን፣ ኮምፓውንድ ደግሞ ጫፉ ላይ ፑሊ የተገጠመለት ነው፡፡ የፑሊውን ነገር አሜሪካዊው ሆለስ አለን በ1969 የባለቤትነት መብት አግኝቶበታል፡፡

እንግዲህ «የቱን ልምረጥ፣ እንዴትስ ልፈትነው» የሚለውን የጋሼን ጥያቄ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በቁም ነገር የያዙት ቻይናዎች ናቸው፡፡ በ1930 በሰሜን ምዕራብ ቻይና በረሃ፣ ጁያን በሚባል ቦታ፣ በሃን ሥርወ መንግሥት ዘመን የነበሩ የድንበር ጠባቂዎች የጻፉባቸው 10 ሺህ ያህል የእንጨት ቅጠሎች ተገኙ፡፡ የእኛ ሰው የጥንት ጽሑፍ ሲባል የነገሥታት ገድል ይጠብቃል፡፡ እነዚህ ግን የንብረት ክፍል መዝገቦች ናቸው! የእያንዳንዱ ቀስት ጉልበት በ«ሺ» ተለክቶ ሰፍሯል፡፡ አንድ ሺ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል፡፡ ባለ 6 ሺ ቀስት ለመወጠር እንግዲህ የ180 ኪሎ ጉልበት ይፈልጋል ማለት ነው፡፡ በጣም የገረመን ደግሞ ሌላው ነው፤ ጸሐፊዎቹ ቀስቱ ሲሠራ የነበረውን ጉልበት ብቻ ጽፈው አልተዉትም፡፡ እንደገና ለክተው «ዛሬ ያለው ጉልበት ይህን ያህል ነው» ብለው የደከመውን ለይተዋል፣ የላላውንም አውታር መዝግበዋል፡፡ የቀስቱን ስም ሳይሆን የዛሬ አቅሙን ነበር የሚያምኑት፡፡

ተኳሹም አይቀርለትም፡፡ በየዓመቱ በመጸው ወራት የድንበር ኬላ ሹማምንት ይፈተናሉ፡፡ ሕጉ 12 ፍላጻ ይሰጣቸዋል፤ 6 ኢላማውን ከመታ አልፈዋል፡፡ ከ6 በላይ ለተመታ ለእያንዳንዱ ፍላጻ 15 ቀን የአገልግሎት ዘመን ይታሰብላቸዋል፡፡ በረሃ ላይ ለሚንገላታ ሹም 15 ቀን ቀላል ስጦታ አይደለም፡፡

አውሮፓ ላይ ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ፡፡ በጥቂት ጊዜ ልምምድ አንድ ተራ ገበሬ ባላባቱን ከፈረሱ ላይ ሊያወርድ መቻሉ ብዙዎችን አስደነገጠ፡፡ በ1139 የተሰበሰበው ሁለተኛው የላተራን ጉባኤ ቀስት በክርስቲያን ላይ እንዳይተኮስ ከለከለ፡፡ ማን ሰማ? ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1199፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ልበ አንበሳ ፈረንሳይ ውስጥ የሻሉስን ግንብ ከብቦ ሳለ በክሮስቦው ትከሻው ላይ ተመታ፤ ቁስሉ አመርቅዞ ሞተ፡፡

ከዚያ በኋላ የጉልበት ሩጫ ነው፡፡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ክንዶቹ ከብረት ተሠሩ፡፡ እንግሊዛዊው ሰር ራልፍ ፔይን-ጎልዌይ በ1903 ባሳተመው መጽሐፉ፣ በዚያ ዘመን የተሠራ 540 ኪሎ ገደማ የሚወጠር የብረት ቀስት አድሶ በመናይ ባሕር ወሽመጥ ላይ ወደ 400 ሜትር እንዳስወነጨፈበት ጽፏል፡፡ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቀስት በእጅ የሚወጥር ጎልማሳ አልተፈጠረም፡፡ መዘውር ተገጥሞ፣ እየተሽከረከረ ነው የሚወጠረው፡፡ አጋዘኑ እስኪያልቅ ይጠብቃል? አዳኞች ከቀንድና ከጅማት የተሠራውን የድሮውን ቀስት ለረጅም ጊዜ ያልጣሉበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው፤ ብረቱ በውርጭ ሊሰበር ይችላል፡፡ በነገራችን ላይ በ1387 ዝነኛውን የአደን መጽሐፍ መጻፍ የጀመረው የፈረንሳዩ መስፍን ጋስቶን ፌቡስ በቀስት ማደንን እንደ ክቡር አደን አልቆጠረውም፤ ስለ ቀስት በደንብ መማር የፈለገ እንግሊዝ አገር ይሂድ ብሎ ነው ያለፈው፡፡ እኛም ጋሼን እንዲህ ብለን ብንሸኛቸው በተገላገልን!

የጉልበቱን ሩጫ ጨርሶ ያልሮጡት ደግሞ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ አሉ፡፡ የጋቦንና የካሜሩን ፋንግ ሕዝብ ክሮስቦው ነበረው፤ ብዙ አጥኚዎች ቅርጹን ከአውሮፓ መርከበኞች ሳይወስዱት አይቀሩም ይላሉ፡፡ ሰደፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው፤ ስንጥቁ ሲገጠም አውታሩ ከጎድጎዳው ወጥቶ ይለቀቃል፡፡ ፍላጻው ስስ የእንጨት ስንጥር ነው፡፡ ኃይሉ ያለው ቀስቱ ላይ ሳይሆን የፍላጻው ጫፍ የተነከረበት መርዝ ላይ ነው፡፡

ይህን ሁሉ አንብበን ለጋሼ መልሰን ደወልን፡፡ ሪከርቩን ይግዙ አልናቸው፡፡ ሰፊ ነው፣ ጫካ ውስጥ ያስቸግራል፣ ለመወጠርም ይከብዳል፡፡ ግን የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው፤ አውታሩ ቢበጠስ እዚያው ጫካ ውስጥ ያለ ልዩ ማሽን ይቀየራል፡፡ «ያለ ፍላጻ ቃታውን እንዳይስቡ፤ ኃይሉ መሄጃ አጥቶ ክንዶቹን ይሰብራል» ብለንም አስጠነቀቅናቸው፡፡ እሳቸው ግን «ፍጥነቱስ?» አሉን፡፡ ሁሉም ሰው ይህንኑ ነው የሚጠይቀው፡፡ የዘመኑ ፍላጻ በሰከንድ 100 ሜትር ያህል ይበራል፡፡ ድምፅ 340 ሜትር ይሄዳል፡፡ አጋዘኑ 40 ሜትር ላይ ከቆመ የአውታሩ ድምፅ ከፍላጻው ሩብ ሰከንድ ያህል ቀድሞት ይደርሳል፤ እንስሳው ደንግጦ ዝቅ ለማለት ይበቃዋል፡፡ ያኔ ልብ ላይ ያነጣጠሩት ወገብ ላይ ያርፋል፤ አጋዘኑም ቆስሎ ጫካ ገብቶ ቀናት ሲሰቃይ ይከርማል፡፡ ይህን ስንነግራቸው ዝም አሉ፡፡

«እንግዲህ እንደ ሃን ሹም ይፈተኑ» አልናቸው፤ 12 ፍላጻ፣ 30 ሜትር፣ የሻይ ሰሃን የምታህል ኢላማ፡፡ መጀመሪያ ቀን 5 መቱ፤ ወደቁ ማለት ነው፡፡ ጥፋቱ የቀስቱ አልነበረም፡፡ አውታሩን በባዶ እጅ ሲስቡት አንዱ ወገን ከሌላው ይረዝማል፤ ፍላጻውም ወደ ጎን ይሄዳል፡፡ ለዚሁ የተሠራውን ገመድ ገዝተው፣ በሁለት እጅ እኩል እየሳቡ፣ የልምምዱንም ጫፍ በስለታሙ የአደን ጫፍ ቀይረው ሁለት ሳምንት ሠሩ፡፡

ባለፈው እሑድ ደወሉ፡፡ 11 መተዋል፡፡ «አሥራ ሁለተኛዋስ?» አልናቸው፡፡

«እሷ ናት እንቅልፍ የነሳችኝ፡፡ ከ20 ሜትር ወዲያ ላልተኩስ ወስኛለሁ» አሉ፡፡ ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ታዲያ አምስት ትርፍ አለኝ አይደል? 75 ቀኔን ማን ነው የሚያስብልኝ?» አሉን፡፡

የሃን መንግሥት ከፈረሰ 1800 ዓመት አልፎታል ብለናቸዋል፡፡