ስሙ ላልተጠራ ወጣት የተጻፉ ሰባ ደብዳቤዎች

አውሮፕላን ለማረፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር ጆሮው የተደፈነበት ተሳፋሪ አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ አፉን ገጥሞ፣ አየር ሊያስወጣ እንደሚታገል ሰው ቀስ ብሎ ይገፋል። ጆሮው ይከፈትለታል። አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ ካለም እንዲሁ እንዲያደርግ ያሳየዋል። ይህ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ዘዴ በሕክምናው ዓለም ስም አለው፤ የቫልሳልቫ ዘዴ ይባላል። ጣሊያናዊው ሐኪም አንቶኒዮ ማሪያ ቫልሳልቫ እ.ኤ.አ. በ1704 ስለ ሰው ጆሮ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የገለጸው ነው።

ቫልሳልቫ በሕይወት ሳለ ያሳተመው ዐቢይ ሥራ ያ መጽሐፍ ብቻ ነበር። የቀረው ዕውቀቱ፣ ማለትም በገዛ እጁ ከከፈታቸው አስከሬኖች ለዓመታት የሰበሰበው ማስታወሻ፣ በ1723 ሲሞት እንደ ተጻፈ ቀረ። ያ ማስታወሻ በማን እጅ ገባ፣ የተቀበለውስ ሰው ምን አደረገበት የሚለው ታሪክ ዛሬ ፓቶሎጂ የሚባለው ሙያ እንዴት እንደ ተጀመረ ይናገራል።

ቫልሳልቫ በ1666 በኢሞላ ተወልዶ በቦሎኛ የተማረው ከማርቼሎ ማልፒጊ ዘንድ ነው። ማልፒጊ በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ላይ ማይክሮስኮፕ ደግኖ ደም ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚሻገርባቸውን ቀጫጭን ሥሮች ያየ ሰው ነበር። ከእርሱ ወደ ቫልሳልቫ የተላለፈው ዋና ነገር ልማድ ነው፤ የተጻፈውን ከመድገም በፊት ማየት።

በ1698 የ16 ዓመት ልጅ የነበረው ጆቫኒ ባቲስታ ሞርጋኒ ከትውልድ ከተማው ከፎርሊ ተነሥቶ ቦሎኛ ደረሰ። አባቱ በሕፃንነቱ ሞቶበት እናቱ ያሳደገችው ልጅ ነበር። በ1701 ከተመረቀ በኋላም ከቫልሳልቫ አልተለየም። ረዳቱ ሆኖ አብሮት አስከሬን ከፈተ፤ የጆሮው መጽሐፍ ሲዘጋጅም እጁ ነበረበት። ትምህርቱ በአብዛኛው የተሰጠው ከአትሮንስ ላይ ሳይሆን ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው በሚሠሩበት ጠረጴዛ ላይ ነበር።

በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞች በሽታ የሚመጣው በሰውነት ውስጥ ያሉት አራቱ ፈሳሾች ሚዛናቸውን ሲስቱ ነው ብለው ያምኑ ነበር። በሽታ በመላው ሰውነት ተበትኖ የሚኖር ከሆነ የትኛው አካል እንደ ተጎዳ መጠየቅ ብዙ ትርጉም አይኖረውም። ቫልሳልቫ ግን ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ያየውን ከሞተ በኋላ አስከሬኑን ከፍቶ ከሚያገኘው ጋር ያስተያይ ነበር። በድንገት ወድቆ ግራ ጎኑ ሽባ የሆነ ሰው ሲሞት ጉዳቱ የሚገኘው በቀኝ የአንጎል ክፍል መሆኑን ደጋግሞ አየ። ሞርጋኒ በኋላ ይህን በራሱ ምርመራዎች አጸና፤ ግኝቱ የመምህሩ መሆኑን ግን አልደበቀም።

ሞርጋኒ በ1711 ወደ ፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። በ1715 የአናቶሚ መምህርነቱን ወንበር ይዞ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1771 ድረስ፣ አልለቀቀውም። በፓዶቫ ያለው የአናቶሚ ትያትር ከእንጨት የተሠራ ሞላላ ክፍል ነው። ተማሪዎች በስድስት እርከን ዙሪያውን ቆመው ወደ መካከሉ ጠረጴዛ ቁልቁል ይመለከቱ ነበር።

በ1740 የቫልሳልቫ ሥራዎች ተሰብስበው ታተሙ። አዘጋጁ ሞርጋኒ ነበር። የመምህሩን የሕይወት ታሪክ ጻፈ፤ አሥራ ስምንት የራሱን ደብዳቤዎችም አከለበት። በደብዳቤዎቹ የመምህሩን ሐሳብ ያብራራል፣ ይጨምርበታል፣ ተሳስቷል ባለበት ቦታም ያርመዋል። መምህሩ ከሞተ 17 ዓመት ሆኖታል። ከማስታወሻው ጥቂቱን የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ ማን ይጠይቀው ነበር? ወይም በተቃራኒው፣ ከፍቅር ብዛት ስህተቱን በዝምታ ማለፍ ይችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገም።

በቅኔ ቤትና በትርጓሜ ቤት ያለፈ ሰው «ከማን ተማርህ?» የሚለውን ጥያቄ ክብደት ያውቃል። ሞርጋኒም ይህን ጥያቄ ሳይጠየቅ የመለሰ ሰው ነበር። ይህም በይበልጥ የታየው 79 ዓመት ሲሆነው፣ በ1761፣ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ነው። በላቲን የተጻፈው የዚህ መጽሐፍ ርእስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በአናቶሚ የተመረመሩ የበሽታዎች መቀመጫና መንሥኤ» እንደ ማለት ነው። በአምስት መጻሕፍት ተከፍሎ፣ ከራስ ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ፣ ወደ 700 የሚጠጉ ሕመምተኞችን ታሪክ ይዟል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከቫልሳልቫ ማስታወሻ የመጡ ናቸው፤ የእርሱ መሆናቸውም በየቦታው ተነግሯል።

መጽሐፉ የተጻፈው በደብዳቤ ነው፤ ሰባ ደብዳቤዎች። ሞርጋኒ በመግቢያው እንደሚተርከው፣ ከአንድ ዕውቀት ወዳድ ወጣት ወዳጁ ጋር በዕረፍት ጊዜ ሲጫወቱ ቴዎፊል ቦኔ በ1679 ያሳተመው ትልቅ የአስከሬን ምርመራ ስብስብ ተነሣ። የቦኔ መጽሐፍ ወደ 3000 የሚጠጉ ታሪኮችን ቢይዝም የተምታታ ነበር፤ የሚፈልጉትን ከውስጡ ማግኘት ያስቸግራል። ሞርጋኒ እርሱና መምህሩ ያዩትን ለወጣቱ በደብዳቤ ሊጽፍለት ቃል ገባ። የወጣቱን ስም ግን የትም አይጠራውም።

የደብዳቤው መልክ ጌጥ አይደለም። የዘመኑ የሕክምና መጽሐፍ ደንብ ያወጣል፤ ከዚያ ለደንቡ ምሳሌ ይፈልጋል። ደብዳቤ ግን በአንድ ሰው ይጀምራል። ዕድሜው ስንት ነው? ሥራው ምንድን ነው? ሕመሙ መቼና እንዴት ጀመረው? ሐኪሞቹ ምን አሰቡ፣ ምን ሰጡት፣ እንዴት ሞተ? አስከሬኑ ሲከፈትስ ምን ተገኘ? ከዚህ በኋላ ነው ጸሐፊው ሐሳቡን የሚሰነዝረው። ሲጠራጠር ይጠራጠራል፤ ሳያይ የቀረው ነገር ካለ ይናገራል። ወጣቱ የሚቀበለው የታመነ መልስ ብቻ ሳይሆን መልሱ የተገኘበትን መንገድ፣ ከነመሰናክሉ ነው። ሞርጋኒ በመጨረሻ አራት ማውጫዎች ጨመረለት። ሐኪሙ ከሕመም ምልክት ተነሥቶ ወደ ተጎዳው አካል፣ ወይም ከተጎዳው አካል ተነሥቶ ወደ ምልክቱ መሄድ ይችላል። የቦኔ አንባቢ ያጣው ይህን ነበር።

ከደብዳቤዎቹ በአንዱ ሞርጋኒ በሳንባ ነቀርሳ የሞቱ ሰዎችን አስከሬን እምብዛም እንዳልከፈተ ያምናል። ወጣት ሳለ ለራሱ ሲል ይሸሽ ነበር፤ ካረጀ በኋላ ደግሞ በዙሪያው ለቆሙት ተማሪዎች ሲል ይሸሻል። ጥንቃቄው ምናልባት ከልክ ያለፈ ሊሆን እንደሚችልም ራሱ ይጨምራል። ሮበርት ኮህ የበሽታውን ባክቴሪያ ያገኘው በ1882 ነው፤ ሞርጋኒ የሚያስተላልፈውን ነገር አላየም። ነገር ግን በዕውቀቱ ላይ ክፍተት መተው ተማሪን ለአደጋ ከማጋለጥ ይሻላል ብሎ መረጠ፤ ክፍተቱንም አልሸፈነም። ስለ መምህርነት ከጻፈው ሁሉ ይህን የሚያህል ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ ዓይኑ ሲደክም የሚያነብለትና የሚጽፍለት ሌላ ወጣት ተማሪ ነበረው፤ አንቶኒዮ ስካርፓ። መምህሩ በ1771 ሲሞት ስካርፓ ገና 20 ዓመት አልሞላውም ነበር። በተከታዩ ዓመት በሞዴና ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ ኋላም በፓቪያ ስመ ጥር የአናቶሚ ሊቅ ለመሆን በቃ። ከማልፒጊ ወደ ቫልሳልቫ፣ ከቫልሳልቫ ወደ ሞርጋኒ፣ ከሞርጋኒ ወደ ስካርፓ፤ አራት ሰዎች ከመቶ ዓመት በላይ የሚዘረጋ አንድ ትምህርት ተቀባበሉ።

በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስማቸው የማይጠራ ሌሎች መምህራንም አሉ። አስከሬናቸው በጠረጴዛው ላይ የተከፈተው ሰዎች ብዙዎቹ በዕድሜያቸው፣ በሥራቸውና በሕመማቸው ብቻ ይታወቃሉ። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም። ሞርጋኒ ግን ታሪካቸውን ከደንቡ አስቀድሞ በመጻፉ ቢያንስ እንደ ሰው ኖረው እንደ ታመሙ አንባቢው ያውቃል።

ዛሬ በፓቶሎጂ ክፍሎች ውስጥ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚመለከቱበት ማይክሮስኮፕ አለ። መምህሩና ተማሪው አንዱን ስላይድ፣ አንዱን ቦታ፣ በአንድ ጊዜ ያያሉ። መምህሩ «ምን ይታይሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪው ያየውን ይናገራል፤ ይታረማል፤ አንዳንድ ጊዜም መምህሩን ያርማል። ከስላይዱ ጀርባ ደግሞ ውጤቱን የሚጠብቅ አንድ ሕመምተኛ አለ።