ከአሠሪነት ወደ ሠዓሊነት፦ የከበደች ተክለአብ ሕይወትና ሥራ



የምናገረው አዲስ አበባ ተወልደው በባዕድ አገር ስለሚኖሩ አንዲት ሠዓሊት ነው። ጎንደር ላይ ቆሜ ስለ እርሳቸው መናገሬ ለምን እንደ ሆነ አስቀድሜ ላስረዳ።

በአካባቢያችን የሥዕል ታሪክ የሴት ስም አልጠፋም። እቴጌ ምንትዋብን በጣና ሐይቅ፣ በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ፣ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው እናያቸዋለን። በደጋው የሚኖሩ ደብተሮች ያዘጋጇቸውን የብራና ክታቦች ብንዘረጋም፣ ከመላእክቱና ካፈጠጡት ዓይኖች አጠገብ «አመትከ ወለተ…» የሚል ጽሑፍ ደጋግመን እናነባለን፤ ከክታብ ባለቤቶች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩና። እቴጌይቱ አሠሪ ናቸው፤ የክታቡ ባለቤት ተማጻኝ ናት። ሥዕሉ ለሴት ተሠርቷል። ቀለሙን የበጠበጠች ሴት ስም ግን በዚያ ቦታ አልተጻፈም። የሴት ስም በሠሪው ቦታ ሲጻፍ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት ከከበደች ተክለአብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ከበደች የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው። አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሩ። ዘመኑ ግን ወጣት መሆን ብቻውን የሚያስጠረጥርበት የደርግ ዘመን ነበር። አገር ጥለው ወደ ጅቡቲ ሲያመሩ በሶማሊያ ወታደሮች እጅ ወደቁ፤ ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ጊዜም በሶማሊያ እስር አሳለፉ። የኢትዮጵያና የሶማሊያ መንግሥታት የተስማሙትና እስረኞች የተለዋወጡት እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከበደች በማግስቱ ዓመት አሜሪካ ገቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ የሚቆጥረው የተሠራ ሥራ ነው፤ ዓመተ ምሕረት፣ መጠን፣ የተቀመጠበት ቦታ። አንድ ሠዓሊ መንገዱን የሚያገኘው በሃያዎቹ ዕድሜው ነው ማለት የተለመደ ነው። የእርሳቸው ሃያዎቹ በእኛ መዝገብ ባዶ ዓምድ ናቸው። የእኛ አገር የቅኔ ተማሪ ብራና ሳይዝ በዱር በገደሉ ይቆጥራል፤ ቅኔውንም በልቡ ይዞ ወደ መምህሩ ይመለሳል። ከበደች በአማርኛ የሚጽፉ ገጣሚም መሆናቸውን ሳስብ ይህ ይታወሰኛል። ግጥም በቃል ይያዛል፤ ሥዕል ግን በቃል አይያዝም። እጅን፣ ቀለምን፣ ብርሃንን ይፈልጋል። ስለዚህ ያ ባዶ ዓምድ «ምንም አልሠሩም» ተብሎ ሊነበብ አይገባም፤ ከሠዓሊዋ የተወሰደ ንብረት ተደርጎ ቢጻፍ ይሻላል።

ተቃራኒውም ስሕተት አለ፤ ከዚያ በኋላ የሠሩትን ሁሉ የእስር ማስታወሻ አድርጎ መተርጎም። በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1992 የመጀመሪያ፣ በ1995 የማስተርስ ዲግሪ ተቀበሉ። ሥዕሎቻቸው በሰው አካልና በረቂቅ ቅርጽ ድንበር ላይ ይቆማሉ፤ ስለ ጦርነት፣ ስለ ግፍና ስለ ስደት ያነሣሉ። ግን የማንም አገር ሰው ሊቆምባቸው የሚችል ሥዕሎች ናቸው። ሠዓሊዋን ዕድሜ ልክ እስረኛ አድርጎ የሚያይ ሐያሲ፣ በእኔ አስተያየት፣ እስሩን ያራዝመዋል።

በሀዋርድ ታላቁ እስክንድር ቦጎሲያን ያስተምሩ ነበር። የሁለቱ የጋራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2001 በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ የቆመው «ኔክሰስ» ነው። ከአሉሚኒየም የተሠራ ሰፊ ቅርጽ ነው፤ የክርስትና፣ የእስልምና፣ የአይሁድና የአገር በቀል እምነቶች ምልክቶች፣ የሙዚቃ መሣሪያዎች፣ የቤት ዕቃዎች፣ ዕፀዋትና እንስሳት በአንድነት ተሰባስበውበታል። ለጎንደር ዓይን እንግዳ አይደለም፤ ብራናችን ላይ ምልክት ከምልክት ጋር እየተቆላለፈ እንደሚሄደው ሁሉ፣ በብረቱም ላይ ይሄዳል። ልዩነቱ ብራናው ተጠቅልሎ በአንገት የሚታሰር ምስጢር ሲሆን፣ ይህኛው በአደባባይ የተዘረጋ መሆኑ ነው።

ተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ላይ «የእስክንድር ኔክሰስ» ብለው ሲጽፉ ግማሽ ነጥብ እቀንሳለሁ። አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል፤ መምህሩ ዝነኛ፣ ተማሪዋ ረዳት የነበሩ ይመስላቸዋል። በኪነ ጥበብ ሥራ ላይ የሁለተኛ ሰው ስም ሲወድቅ፣ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ የሴቲቱ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ ፊርማ በሌለው ሥዕል የተከበብን ሰዎች ነንና ለዚህ ጠንቃቆች ልንሆን ይገባል።

እስክንድር እ.ኤ.አ. በ2003 ዐረፉ። በዚያው ዓመት የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ጥበብ ብሔራዊ ሙዚየም በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሥራዎች ባቀረበበት ዐውደ ርእይ ላይ የሁለቱም ሥራዎች ታዩ፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ስም። ከበደች ከዚያ ወዲህ በኒው ዮርክ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የኩዊንስቦሮ ኮሌጅ ሥነ ጥበብ አስተምረዋል። አሁን ምስሎቹን በስክሪኑ ላይ እናያለን፤ ከዚያ በኋላ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።