ገሊላ ስለሚባለው ስም

ቅዱሳት መካናትን ተሳልሞ ወደ ገሊላ ባሕር የሚወርድ ምእመን የአንዱን ውሃ ስም በልዩ ልዩ አጠራር ይሰማል። በኦሪት ኬኔሬት ይባላል፤ ይኸውም በዳርቻው በነበረችው ከተማ ስም ነው። ቅርጹ በገና ስለሚመስል ኪኖር ከሚለው የዕብራይስጥ ቃል የወጣ ነው የሚሉም አሉ። ወንጌላዊው ሉቃስ ጌንሴሬጥ ይለዋል። ዮሐንስ ግን የጥብርያዶስ ባሕር ብሎም ጽፎታል፤ ሄሮድስ አንቲጳስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ20 ዓ.ም. ገደማ በዚያ ከተማ ሠርቶ በሮማው ቄሣር በጢባርዮስ ስም ሰይሟት ነበርና።

ገሊላ የሚለው ስም ግን ከንጉሥ የተገኘ አይደለም። በዕብራይስጥ ጋሊል ማለት ክበብ፥ ዙሪያ፥ አውራጃ ማለት ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ከአሕዛብ ጋር አያይዞ ጠራው። ከጌታ ልደት በፊት በ732 ዓመት ገደማ የአሦር ንጉሥ ቴልጌልቴልፌልሶር አገሩን ይዞ ሕዝቡን አፈለሰ። በኋላ ዘመንም ፈሪሳውያን ስሙን ናቁት፤ ከዚያ ነቢይ አይነሣም እስከ ማለትም ደረሱ።

ነገር ግን ጌታችን ጴጥሮስንና እንድርያስን፥ የዘብዴዎስንም ልጆች ከመረባቸው የጠራቸው በዚሁ ባሕር ዳር ነው። ከትንሣኤውም በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው አንድም ዓሣ ላልያዙት ደቀ መዛሙርት በማለዳ የተገለጠው በዚያው ነው።

የቄሣሩ ስም ዛሬም በከተማይቱ ላይ አለ፤ ቄሣሩን ግን በጸሎት የሚያስበው የለም። የተናቀው ስም ግን በየዓመቱ ጥር 12 ቀን፥ በቃና ዘገሊላ በዓል፥ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በዝማሬ ይጠራል።