«ጨረቃ ቤት»፦ የአንድ ቅጽል ስም ታሪክ በአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች



የከተማ ታሪክ በአዋጅና በፕላን ብቻ አይጻፍም። ሕዝብ ለሚኖርበት ቤት፣ ለሚሳፈርበት መኪና፣ ለሚገዛው መሬት የሚያወጣው ስምም ሰነድ ነው። ዛሬ የምናገረው በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ከብዙ የሕግ ቃላት ይልቅ ስለሚታወቅ አንድ ስም ነው፤ እርሱም «ጨረቃ ቤት» ይባላል።

የስሙ መነሻ ግልጽ ነው። ያለ ፈቃድ የሚሠራ ሰው ተቆጣጣሪ በማይደርስበት ሰዓት፣ በሌሊት፣ በጨረቃ ብርሃን ይሠራል። የባሕር ዛፉ ቋሚ አስቀድሞ ተቆርጦ ይዘጋጃል፤ ማገሩ ይመታል፤ ቆርቆሮው ይለብሳል፤ ሲነጋ ትናንት ሜዳ የነበረው ቦታ የሰው ቤት ሆኖ ይገኛል። የዘዴው ፍሬ ነገር ፍጥነቱ ነው፤ ሰው የገባበትን ቤት ማፍረስ ቋሚ ከመንቀል ይከብዳልና።

አሰያየሙ የእኛ ብቻ አይደለም። ቱርኮች ይህንኑ ዓይነት ቤት «ጌጄኮንዱ» ይሉታል፤ «በሌሊት የሰፈረ» እንደ ማለት ነው። በዌልስም በአንድ ሌሊት ቤት ሠርቶ እስኪነጋ ከጣሪያው ጭስ ያስወጣ ሰው መሬቱ ይጸናለታል የሚል የቆየ የሕዝብ እምነት ነበር። ሆኖም በቱርክ ቃሉ ከመንደር ወደ ሕግ ተሻግሯል፤ በ1966 እ.ኤ.አ. የወጣው 775ኛው ሕግ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በእኛ አገር ግን ሕጉ «ሕገ ወጥ ግንባታ»፣ መሥሪያ ቤቱ «ሰነድ አልባ ይዞታ»፣ ሕዝቡ «ጨረቃ ቤት» እያሉ አንዱን ቤት በሦስት ስም ይጠሩታል።

ስሙ የተወለደበትን ሁኔታ ለመረዳት የመሬትን ሕግ መከተል ይገባል። የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31/1967፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ሆኑ። ያ አዋጅ የራሱን መዝገበ ቃላት አመጣ፦ «ትርፍ ቤት»፣ «የቀበሌ ቤት»፣ «ኪራይ ቤቶች»። እነዚህ ከላይ ወደ ታች የወረዱ ስሞች ናቸው። «ጨረቃ ቤት» ከታች የተሰጠ መልስ ነው። የቦታ ሰጪ አንድ መንግሥት ብቻ ሲሆን፣ ከእርሱ ያላገኘ ሰው የሚደበቀውም ከእርሱ ነው።

በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 80 የሊዝ ሥርዓትን አመጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደነገገ። ነገር ግን በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ የአዲስ አበባ የቤት ፈላጊ መድረሻ እየሆኑ ነበር። የቡራዩ ነዋሪ በ1987ቱ ቆጠራ 10 ሺሕ ገደማ ሲሆን፣ በ1999ኙ ቆጠራ 49 ሺሕ ያህል ደርሷል።

የገበሬውንም ስሌት ማየት ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱ በቋሚነት ለሕዝብ ጥቅም የሚወሰድበት ገበሬ የሚያገኘው የመፈናቀል ካሣ፣ ካለፉት 5 ዓመታት ምርቱ አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ነበር። ካሣው የሚተመነው በጤፉና በስንዴው እንጂ በከተማ ቦታ ዋጋ አልነበረም። ስለዚህ ከተማው ወደ ማሳው ሲቃረብ ያየ ገበሬ፣ ከመወሰዱ በፊት ቆርሶ በመንደር ውል መሸጡ የሚያስገርም አይደለም። ገዢውም ከሊዝ ጨረታ የተባረረ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የቀን ሠራተኛ ወይም ከኪራይ የሸሸ ቤተሰብ ነበር። በመካከላቸው ደላላ ቆመ።

እንግዲህ የቃሉ ትርጉም የተለወጠው በዚህ ሂደት ነው። መጀመሪያ የሥራውን ሰዓት ይገልጽ ነበር። ኋላ ግን በብሎኬት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ግንበኛ ተቀጥሮ የተሠራውም ካርታ ከሌለው «ጨረቃ» ተባለ። ሰዓትን የሚያመለክተው ቃል የወረቀት እጦትን የሚያመለክት ሆነ። «ቦታው ካርታ አለው ወይስ ጨረቃ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚህ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ የሰነድ አልባ ይዞታ ዕጣ የሚወሰነው በ1988 እና በ1997 የአየር ካርታ ላይ በመታየቱ ወይም ባለመታየቱ መሆኑን ስናስብ፣ ከምድር የተሰወረው ቤት የሚዳኘው ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ሆኖ እናገኘዋለን።

የታሪክ ተማሪ እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለበት። ቅጽል ስም ይገልጣል፤ ይሸፍናልም። «ጨረቃ ቤት» ስንል ዓይናችን በሌሊት በሠራው ሰው ላይ ብቻ ያርፋል። የሸጠው፣ ያሻሻጠው፣ በቀን አልፎ እያየ ዝም ያለው፣ ካሣውን በምርት ብቻ የተመነው ሕግ፣ ሁሉም ከቃሉ ውጭ ይቀራሉ። ዓመታት የተኖረበት፣ ልጆች ያደጉበት መንደር የአንድ ሌሊት ሥራ ይመስላል።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱን ከተሞች ጨምሮ በዙሪያው ያሉት ከተሞች በአንድ አስተዳደር ሲጠቃለሉ፣ ብዙ ቤቶች በሕገ ወጥነት ፈርሰዋል፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም በጉዳዩ ላይ መግለጫ አውጥቷል። መንግሥት ሕግን የማስከበር ግዴታ አለበት። ያው አንቀጽ 40 ግን በንዑስ አንቀጽ 7 ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረት መብት እንዳለው ይናገራል። ሁለቱ ንዑሳን አንቀጾች የሚጋጩበት ቦታ፣ መሬቱ የማይሸጥ፣ ቤቱ ግን የሠሪው የሆነበት፣ ያ «ጨረቃ ቤት» የምንለው ነው።

ለአዲሱ አስተዳደር የተሰጠው ስምም ልብ ሊባል ይገባዋል። «ሸገር» ሕዝብ አዲስ አበባን በፍቅር ሲጠራበት የኖረ ስም ነው። ዛሬ በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች መደበኛ መጠሪያ ሆኗል። አንዱ የሕዝብ ቃል ማኅተም ላይ ሰፈረ፤ ሌላው ከማኅተም ውጭ ቀረ። የትኛው ቃል ወደ ሰነድ እንደሚገባና የትኛው በር ላይ እንደሚቆም መመርመር የታሪክ ሥራ ነው። እናንተም ለመስክ ጥናት ስትወጡ፣ ካርታውን ከመዘርጋታችሁ በፊት ነዋሪው ሰፈሩን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጠይቁ።